እስከ ጳጉሜ ስድስት

የዓለም የሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እየተባሉ የሚደረደሩበትን ሥርዓት አጥርቶ የሚያውቅ ሰው በሆሳዕና ከተማ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የሒሳብ መምህሩ አክሊሉ ነው። ይህን እውቀት ከእሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ችግሩ ሁሉ የጀመረው ሳይጠየቅ ያካፈለ ዕለት ነው።

አክሊሉ የጊምቢቹ ልጅ ነው። ጴንጤ ቤት ስላደገ ጠጅ አይቀምስም፣ ሲጋራ አያጨስም፣ ካርታ አይጫወትም። ሰው ደግሞ ያለ አንድ ሱስ አይፈጠርምና የእሱ ሱስ ቴኒስ ሆነ። የፈረንጅ ሚሲዮናውያን ከከተማው ሲወጡ ጠቅልለው ሊወስዱት ያልቻሉት ነገር ቢኖር የቴኒስ ሜዳቸው ነበር። ሜዳው ለሰፊው ሕዝብ ተወረሰ። ሰፊው ሕዝብ ቴኒስ እንደማይጫወት ሲታወቅ፣ እሱን ወክለው መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይጫወቱለት ጀመር። መረቡ ሲበጫጨቅ አንድ የሾኔ ገመድ ሠሪ ከእንሰት ቃጫ ሌላ ሠራላቸው። መስመሩ በኖራ ይሰመራል። ኳሶቹ ጸጉራቸው አልቆ ራሰ በራ ሆነዋል፤ እንዲያም ሆኖ ይነጥራሉ።

ሚሲዮናውያኑ ጥለዋቸው ከሄዱ አሮጌ መጽሔቶች አንዱ ስለ ዓለም ተጫዋቾች ደረጃ ያትታል። አክሊሉ ይህን መጽሔት ከመዝሙረ ዳዊት አስበልጦ አንብቦታል ቢባል እናቱ ይቀየማሉ እንጂ ሐሰት አይሆንም። ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ አንደኛው ተጫዋች ማን እንደሆነ የሚወስን ኮሚቴ የለም። ስብሰባ የለም፣ የድጋፍ ጭብጨባም የለም። ሰውዬው በየውድድሩ በሄደበት ርቀት ልክ ነጥብ ያገኛል፤ ትልቅ ውድድር ብዙ ነጥብ አለው፣ ትንሽ ውድድር ጥቂት። ነጥቡን ኮምፒዩተር የሚሉት መሣሪያ ይደምርና ለተጫወተው ውድድር ብዛት ያካፍለዋል። ከሁሉ በላይ አክሊሉን እንቅልፍ የነሳው ግን ሌላው ሕግ ነው፤ የእያንዳንዱ ነጥብ ዕድሜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። አምና በዚህ ሳምንት ያሸነፍክበት ነጥብ ዘንድሮ በዚሁ ሳምንት ይወድቃል። ያንኑ ውድድር ደግመህ ካሸነፍክ ተተካልህ፤ ካላሸነፍክ ቀረ። አንደኛነት እንደ ርስት አይወረስም፣ እንደ ቀበሌ ቤት ኪራይ በጊዜው ካልከፈልክ ታሽጎ ይጠብቅሃል።

ዘመኑ 1975 ዓ.ም. ነው። አገሪቱን የያዙት ሰዎች በስድሳ ስድስት አደረግነው ያሉትን ዛሬም እየመነዘሩ ይበሉ ነበር። እንዲህ ባለ ዘመን የአምና ድል ዘንድሮ አይበላም የሚል መጽሔት ይዞ መዞር ጤነኛ ሰው የሚያደርገው ነገር አይደለም። አክሊሉ ግን ፖለቲካ አይገባውም፣ የሚገባው ሒሳብ ነው። ኮምፒዩተር ባይኖረንም ጥቁር ሰሌዳ አለን ብሎ የሜዳው በር ላይ ሰሌዳ ሰቀለና የአውራጃውን ተጫዋቾች በነጥብ ደረደረ።

ሰሌዳው በተሰቀለ ማግስት ጓድ ወንዳፈረው መጡ። ጓድ ወንዳፈረው ለአውራጃው የተመደቡ ካድሬ ናቸው። አንቱ የምንላቸው ሽበት ኖሯቸው አይደለም፤ ሽጉጥ ነበራቸው። ለትምህርት ቡልጋሪያ ሄደው ራኬት ይዘው ተመልሰዋል። ጨዋታውንም ይዘው ስለመመለሳቸው ግን እስከ ዛሬ ማስረጃ አልተገኘም። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አይተው ስማቸውን ከታች አገኙትና፣ ይህን ጠቃሚ ሥራ የሚመራ ኮሚቴ እንዲቋቋም አዘዙ። ሰብሳቢው እሳቸው ሆኑ። ጸሐፊው የመንዙ ተወላጅ አቶ ተክለጊዮርጊስ ሆነ፤ ከሰው ይልቅ ማህተም ያለበትን ወረቀት የሚፈራ ጥንቁቅ የመዝገብ ቤት ሹም ነው። አክሊሉ ባለሙያ ተባለ፣ ድምፅ አልተሰጠውም።

ኮሚቴው ሕጉን አንድ በአንድ መረመረ። ድምሩ ይካፈላል ሲባል ጓድ ወንዳፈረው ማካፈል የሚለው ቃል ደስ አሰኛቸው። የሚካፈለው የእሳቸውም ነጥብ መሆኑን ሲረዱ ግን፣ ይህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ አሉ። እስካሁን አልተመለሰም። ቀጥለው በአብዮት በዓል ዋዜማ ላይ የአብዮት ዋንጫ የሚባል ውድድር እንዲጨመር፣ ነጥቡም ከሾኔ፣ ከዳምቦያ፣ ከጊምቢቹና ከሌሎቹ ውድድሮች ድምር በአንድ እንዲበልጥ አደረጉ። አብዮት ከሾኔ ገበያ ሜዳ ማነስ የለበትማ። ነጥብ በዓመቱ ይወድቃል የሚለውን ሕግ ግን ሳይነኩት አለፉ፤ በዚያን ጊዜ ገና የሚወድቅ ነጥብ አልነበራቸውም።

ሕጉን በጽሑፍ ያሰፈረው አክሊሉ ራሱ ነው። መጽሔቱ «ሳምንት» ይላል። አክሊሉ ደግሞ ሳምንት እየቆጠረ የሚከራከር ይበዛል ብሎ አሳጠረው፤ «ማንኛውም ነጥብ የተገኘበት ዕለት ዞሮ ሲመጣ ይወድቃል» ብሎ ጻፈ። የአብዮት ዋንጫ ፍጻሜንም ቀን የቆረጠለት እሱው ነው። መስከረም ሁለት ሰልፍ አለ፣ መስከረም አንድ ዓውደ ዓመት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ያለችውን ባዶ ቀን መረጠ። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ያቺ ቀን ጳጉሜ ስድስት ነበረች። የሒሳብ መምህር ነው እንግዲህ።

በፍጻሜው የሚገናኙት ጓድ ወንዳፈረውና አክሊሉ ሆኑ። ጓድ ወንዳፈረው እዚያ የደረሱት እንዴት ነው የሚል ቢኖር፣ ከተማው ሁሉ ተባብሮ አድርሷቸዋል። የእርሻ ባለሙያው ኳስ ሲመጣለት ጫማውን ያስር ነበር። የባንኩ ሰው ፀሐይ ዓይኑን ወጋው፣ በደመና። ዳኛው ሽብሩ ደግሞ የካድሬውን ኳስ አንድ ጊዜ ውጭ ናት ብሎ ፈርዶ ለውይይት ተፈልገሃል ተብሎ ቀበሌ ሰንብቶ ስለመጣ፣ ከዚያ ወዲህ ጓድ ወንዳፈረው የመቱት ሁሉ ከመስመር ውስጥ እንደሚያርፍ ተገልጦለታል። አክሊሉ ብቻ ነበር ሆነ ብሎ ተሸንፎ የማያውቀው። ኩራቱም ያቺው ነበረች። አንድ ምኞት ነበረው፤ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ከልቡ ሊያሸንፈው ከሚፈልግና ከሚችል ሰው ጋር መጫወት።

ከፍጻሜው በፊት አቶ ተክለጊዮርጊስ አክሊሉን ፈልጎ አገኘውና ወደ ጎን ወሰደው።

«መምህር» አለው፣ «ነጥቡ በዓመቱ ይወድቅ የለም እንዴ? ያንተው ሕግ ነው። ስጣቸው አልልህም፤ ለአንድ ዓመት አውሳቸው።»

አክሊሉ አሰበበት። እንደ ሒሳብ ሲያየው ትክክል ነው፤ ዓመት እንደሆነ ያልፋል። በማግስቱ ኳሱን መረብ ላይ እየሰፋ ተሸነፈና ጓድ ወንዳፈረው አንደኛ ሆኑ። እጁን ሲጨብጡት፣ «ጥሩ ታግለሃል፣ ጓድ» አሉት። አክሊሉ ዓመቱን መቁጠር የጀመረው ያን ሌሊት ነው።

በመጋቢት 1976 ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። በመጪው የአብዮት በዓል ማግስት ከየአውራጃው በቴኒስ አንደኛ የሆነው ተመርጦ ለአሠልጣኝነት ትምህርት ወደ ፕራግ ይላካል ይላል። ፕራግ የቴኒስ አገር መሆኗን ከሆሳዕና የሚያውቀው አክሊሉ ብቻ ነው። ደብዳቤው በተሰማ ዕለት ወደ ዳምቦያ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ለጵርስቅላ ሊነግራት ሄደ። ጵርስቅላ የዳምቦያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ እጮኛው። እሱ ሐዲይኛ፣ እሷ ከምባትኛ ስለሚናገሩ የሚፋቀሩት በአማርኛ ነው፤ ሁለቱም ሲናደዱ ብቻ ወደየቋንቋቸው ይገባሉ።

ሠርጉ ከፕራግ መልስ ይሁን አላት። እሷም እሺ አለች፣ ነገር ግን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ አንደኛው ካድሬው አይደሉም ወይ አለችው።

አክሊሉ ሳቀ። የእሳቸው ነጥብ ጳጉሜ ላይ እንደሚወድቅ፣ እሱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሾኔንም የጊምቢቹንም የዳምቦያንም ውድድር እንደሚያሸንፍ ነገራት። እንዳለውም አደረገ። ጊምቢቹ ላይ ዝናብ እየዘነበ አሸነፈ። ሾኔ ላይ የመረብ ኳሱን መረብ ዝቅ አድርገውለት አሸነፈ። ጓድ ወንዳፈረው ግን የአሥረኛውን የአብዮት በዓል ዝግጅት ምክንያት አድርገው የዘንድሮውን የአብዮት ዋንጫ ሰረዙት። አክሊሉ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ደስ አለው፤ ያልተጫወተ ነጥቡን አይተካም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ጳጉሜ 1976 እንደማንኛውም ተራ ጳጉሜ አምስት ቀን ሆና አለፈች። ሰልፉም አለፈ፣ ባንዲራውም ተሰበሰበ። አክሊሉ ጠመኔና ጨርቅ ይዞ ሰሌዳው ጋ ሲደርስ አቶ ተክለጊዮርጊስ ቆሞ ጠበቀው። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር።

ጓድ ወንዳፈረው በጣም ለስላሳ ድምፅ ነበር ያወጡት። «ጓድ አክሊሉ፣ ነጥብ የሚወድቀው መቼ ነው?»

«የተገኘበት ዕለት ዞሮ ሲመጣ።»

«የእኔ የተገኘው መቼ ነበር?»

«ጳጉሜ ስድስት።»

«ዘንድሮ ጳጉሜ ስድስት ነበረች?»

አክሊሉ ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መጽሔቱን ያነበበው እሱ፣ ሕጉን የጻፈው እሱ፣ ቀኑን የመረጠው እሱ፤ በፈረንጅ አገር ማንም ሊሠራው የማይችለውን ስህተት ሠርቷል፣ ፈረንጅ ጳጉሜ የለውምና።

«እኔ ነጥቡን ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ» አሉ ጓድ ወንዳፈረው። «ቀኑ ይምጣ እንጂ።»

ቀኑ የሚመጣው በ1979 መጨረሻ ነው። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ አጨበጨበ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ቃለ ጉባኤውን ጽፎ፣ ማህተም አድርጎ፣ በዚያው ሳምንት ወደ በላይ አካል ላከው።

ከዚያ በኋላ ጓድ ወንዳፈረው ለፕራግ መሰናዳት ያዙ። ካፖርት ተሰፋላቸው። በየቀበሌው እየዞሩ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ተሰነባበቱ፤ አንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ተሰነባብቷቸዋል። አክሊሉ ክፍል ገብቶ ስለ መቶኛ ሲያስተምር ጠመኔው በእጁ እየተሰበረ ተቸገረ። ጵርስቅላ ልታጽናናው መጥታ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ስትሰማ ሳቋ አመለጣት።

«አንተ ሰው፣ ከዓመት ሙሉ ቀን እሷን መረጥክ?» አለችው።

አልሳቀም። ፕራግን ትተው ሠርጉን ለጥር ቆረጡ፤ ቢያንስ እሱን ማንም በጳጉሜ ሊያስቀርበት አይችልም። እያደር ግን ነገሩ ቀለል አለው። ቤት ተከራየ፣ አልጋ አሠራ፣ ራኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቀለ።

በኅዳር 1977 ሌላ ደብዳቤ መጣ። አቶ ተክለጊዮርጊስ ኮሚቴው ፊት ቆሞ አነበበው። ወቅቱ በጠየቀው መሠረት የፕራጉ ትምህርት ላልተወሰነ ጊዜ ተራዝሟል ይላል። በምትኩ ከየአውራጃው ስሙ በአንደኝነት የተላለፈው ስፖርተኛ ወደ ጋምቤላ የሰፈራ ጣቢያዎች ዘምቶ በሰፋሪው ሕዝብ መካከል ስፖርትን ያስፋፋል፤ በዚያም በደረጃው ሌላ እስኪተካው ድረስ ይቆያል። ከድርቅ የተረፈ፣ አገሩንና ሙታኑን ትቶ በመኪና ተጭኖ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሜዳ ቴኒስ መሆኑን የበላይ አካል ደርሶበታል። ጓድ ወንዳፈረው ቆሎ ያኝኩ ነበር፤ ንባቡ ሳያልቅ ማኘካቸውን አቆሙ።

ወዲያው ተነሡ። ግለ ሂስ ሊያቀርቡ ነው። በደረጃ ፍቅር ተታለው፣ በንዑስ ከበርቴ ስሜት ተሸንፈው፣ የወደቀ ነጥብን እንዳልወደቀ ቆጥረው ኖረዋል። ጳጉሜ አምስት ሆነች ስድስት ዓመት ዓመት ነው። ኮምፒዩተር ያላቸው አገሮች የሚያደርጉትን ማድረግ አለብን። ስለዚህ ነጥባቸው እንደወደቀ ይመዝገብላቸው፤ የአውራጃችን እውነተኛ አንደኛ ጓድ አክሊሉ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ሐሰት አልነበረበትም።

አክሊሉ ከዓመት በላይ ሊሰማው የፈለገውን ቃል ሰማ። ጥር ሁለት ወር አልቀረውም፣ አልጋው ገና ቀለሙ አልደረቀም። የተከራከረለት ሕግ አንዲት ቃል ሳትዛነፍ ተፈጸመለት፤ ሲፈጸምለት ደግሞ ወባና የገንዲ ዝንብ ጋ ሊወስደው ነው። እጆች ለጭብጨባ ተነሥተው ሳለ ያተረፈው አቶ ተክለጊዮርጊስ ነው። በማህተም የተላለፈ ውሳኔ በጭብጨባ አይሻርም አለ፤ ስሙ ከላይ ደርሷል። የሚሽረው አዲስ ውጤት ብቻ ነው። ሁለቱ ይጋጠሙና ያሸነፈው ስሙ ይላክ።

ጓድ ወንዳፈረው ፊታቸው በራ። አክሊሉን በእውነት ቢጋጠሙት አንድ ነጥብ እንደማያገኙ እሳቸውም ያውቁታል። ሜዳው ይፍረድ አሉ። ከስብሰባው ሲወጡም ሽብሩን ጠርተው፣ ነገ ያለ ምንም ፍርሃት በትክክል ዳኝ አሉት። ሽብሩ ቤቱ ገብቶ እራት አልበላም። ሂስ ሰንዝሩ፣ አትፍሩ ሲባል የሰነዘሩት ሰዎች የት እንደደረሱ ያውቃል።

ቅዳሜ ከጊምቢቹም ከሾኔም ሰው መጣ። የቃጫው መረብ ተወጠረ፣ ኖራው ተሰመረ። ጵርስቅላ ከነነርስ ልብሷ ከፊት ቆማለች። ሁለቱ ተጫዋቾች ተጨባበጡና ሁለቱም ከልባቸው ሊሸነፉ ተሰናዱ።

አክሊሉ የመጀመሪያዋን ሰርቭ፣ ጨዋታ የሚከፈትባትን ምት፣ መረብ ላይ ሰፋት። ሁለተኛዋንም ሰፋት። ጓድ ወንዳፈረው ይህን አይተው ተበሳጩ፤ ሲደርሳቸው ኳሷን በሙሉ ኃይላቸው ወደ ላይ ላኳት። ኳሷ በተመልካቹ ራስ ላይ አልፋ ባሕር ዛፉ ሥር ከታሰረች አህያ አጠገብ አረፈች።

«ገብታለች» አለ ሽብሩ።

ተመልካቹ አጨበጨበ። ሕዝቡ ካድሬ ፊት ማጨብጨብ ለምዶ እጁ ከልቡ ቀድሞ ይነሣል። ጓድ ወንዳፈረው ደግመው ላኳት፤ አህያዋ ተነሥታ ቦታ ቀየረች፤ ገብታለች። ራኬታቸውን ዝቅ አድርገው ኳሷን ዝም ብለው ሲያሳልፏት፣ ሽብሩ ያሳለፏት ኳስ ውጭ ነበረች ብሎ ለእሳቸው ቆጠረላቸው። ሁለት ሰርቭ በተከታታይ አበላሹ፤ ነፋስ ነው፣ ይደገም ተባለ። ነፋስ አልነበረም። አንዴ አክሊሉ ከልምድ የተነሣ እጁ ከዳውና ኳሷን መስመሩ ጥግ ላይ አሳረፋት። ደነገጠ። ሽብሩ ግን ዓይኑን ሳያሽ ውጭ ናት አለለት።

በመጨረሻ ጓድ ወንዳፈረው ትዕግሥታቸው አለቀ። መረቡ ጋ መጥተው፣ ላባቸውን ጠርገው፣ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«ጓድ ዳኛ፣ ይህቺ ኳስ ውጭ ናት። እኔ ራሴ የመታኋት ሰውዬ ውጭ ናት እያልኩህ ነው።»

ሽብሩ ከወንበሩ ተነሣ። ቃሉንም አጸና። «በፍጹም፣ ጓድ። ገብታለች።»

ሕዝቡ እንዲህ ያለ ትሕትና አይቶ አያውቅምና እልል አለ። ለሌላ የቆፈሩትን ጉድጓድ ማራቅ አይገባም፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ፤ ጓድ ወንዳፈረው በከተማው ውስጥ ማንም እንዳያሸንፋቸው አድርገው ሠርተውት ነበር፣ ሥራው ጠንካራ ስለነበረ ለእሳቸውም አልፈርስ አለ። ባለ በሌለ አቅማቸው ታገሉ። የሚያሳዝነው፣ አክሊሉ ዕድሜ ልኩን የተመኘው ከልቡ የሚጫወት ባላጋራ በመጨረሻ ተገኘለት፤ ሰውዬው ግን ከልባቸው የሚታገሉት ለመሸነፍ ነበር፣ እሱም እንደዚያው። ከተማው ለዓመታት መሸነፍን ሲለማመድ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አልተለማመዱም። ጓድ ወንዳፈረው አሸነፉ።

ሲጨባበጡ ጠጋ ብለው፣ አንዲት ኳስ እንኳ ማስገባት ያቅትሃል ወይ አሉት በጥርሳቸው መካከል። በሳምንቱ የፕራጉን ካፖርት ለብሰው፣ ራኬታቸውን ይዘው፣ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ሄዱ። ጥር ላይ አክሊሉና ጵርስቅላ ተጋቡ፤ አቶ ተክለጊዮርጊስ ሚዜ ሆነ።

አውራጃው ያለ ካድሬ አልቀረም፣ ሌላ መጣ፤ የመጣው ግን ከቴኒስ ይልቅ አሳማ ማርባት የሚወድ ነበር። የቴኒሱን ኮሚቴ ሰብሳቢነት አክሊሉ ያዘ። የአብዮት ዋንጫ ግን ከዚያ ወዲህ ተካሂዶ አያውቅም። አንደኛ የሚሆን ሰው ወዴት እንደሚላክ ከታወቀ በኋላ ዋንጫውን የተመኘ አልተገኘም። ሌሎቹን ውድድሮች ሁሉ አክሊሉ ያሸንፋል፤ የጳጉሜ ስድስቷ ነጥብ ግን ከሁሉ ድምር በአንድ ስለምትበልጥ ከሰሌዳው አናት ላይ ወንዳፈረው የሚለው ስም አልወረደም።

በኅዳር 1978 ከጋምቤላ ደብዳቤ መጣ። ለአክሊሉ የተጻፈ ነው፤ የጻፉት ጓድ ወንዳፈረው ናቸው። ወባው ሦስተኛ ጊዜ እንደጣላቸው፣ ራኬቱን ምስጥ እንደበላው፣ ሰፋሪዎቹ በየቀኑ ሰው እየቀበሩ እንደሆነና እሳቸውም ስለ ቴኒስ ለመናገር እንደሚያፍሩ ጽፈዋል። ያኔ ያጠፉትን አልካዱም። የኅዳሩ ግጥሚያ ነጥብ ዓመቱ ሞልቷል፤ የጳጉሜውም በእውነት ከተፈረደ ከወደቀ ቆይቷል፤ እባክህ ወንድሜ ሰሌዳውን አስተካክልና ለበላይ አካል አሳውቅልኝ ይላል። ጓድ የሚል ቃል በደብዳቤው ውስጥ አንድም ቦታ አልነበረም።

ጵርስቅላ ሕፃኗን አጥባ ስትጨርስ ደብዳቤውን ሰጣት። አነበበችው፤ ነርስ ናትና ስለ ወባው የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እውነቱ የቱ ነው?» አለችው።

«ወድቋል። ካቻምና ጳጉሜ አምስት ላይ ወድቋል።»

«እና አንደኛው ማን ነው?»

ሰሌዳውን ሳያይ ያውቀዋል። ሌላ እስኪተካው ድረስ ይላል ትእዛዙ፤ ሌላው እሱ ነው። ጵርስቅላ ሕፃኗን አንሥታ ታቅፋ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሂድም ቅርም አላለችው። አክሊሉ ደብዳቤውን ይዞ ብዙ ተቀመጠ። አፈረ። እንዲህ ያፈረው በሕይወቱ ሌላ ጊዜ የለም። ሰውዬውን ይጠላቸው እንደነበረ ሊያስታውስ ሞከረ፣ ጥላቻውም እንደሌሎቹ ነጥቦች ጊዜው አልፎበት ወድቋል። ቢሆንም ብዕሩን አነሣ። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ማሰብ አላስፈለገውም፣ ቃሉ ተዘጋጅቶ የቆየ ነበር።

«ነጥብዎን ለማውረድ ዝግጁ ነኝ» ብሎ ጻፈ። «ቀኑ ይምጣ እንጂ።»

አቶ ተክለጊዮርጊስ ማህተም አደረገበት።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ሜዳ ሄደ። የሚጋጠመው በቅርቡ ከከፍተኛ ትምህርት ተመርቆ የመጣ አሳምነው የሚባል መምህር ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ጉልበቱ ጠንካራ፣ ገና ሲያዩት ተጫዋች መሆኑ የሚታወቅ ሰው። አክሊሉ ስመኘው የኖርኩት ባላጋራ ይህ ሰው ነው ብሎ ሲጠብቀው ሰንብቷል። ገና ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ታዘበ፤ አሳምነው ቀላል ቀላሏን ኳስ እየሳተ ነበር፣ አንዴም ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር አየው። ወደ ጋምቤላ የሚዘምተው ሰው ስም የሚላከው በማን እጅ እንደሆነ ለአዲሱ መምህር የነገረው አለ ማለት ነው። አክሊሉ ተናደደና ሰርቩን በኃይል መታ። ኳሷ ከመስመሩ ማዶ ወረደች፤ ኖራውን አልነካችም፣ ከኖራው ውጭ ቀዩ አፈር ላይ ምልክቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ገብታለች» አለ ሽብሩ።

አክሊሉ ምልክቷን አያት። ውጭ ናት ሊል አፉን ከፈተ። ሽብሩ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ አሳምነው በመረቡ ማዶ ማጨብጨብ ጀምሯል። አክሊሉ ሌላ ኳስ ከኪሱ አወጣና ለሚቀጥለው ሰርቭ ወደ መስመሩ ተመለሰ።